ሦስት እጅ ጠብታ

ሰው ሥራህን የሚነጥቅህ በስድብ አይደለም፤ በአክብሮት ነው። ትናንት «አንተ» ሲልህ የነበረ ፎርማን አንድ ጠዋት «አባባ» ይልሃል። ቆይቶ መቀመጫ ያቀርብልሃል። ከዚያ «አባባ፣ እርስዎን ደግሞ ላይ ምን አወጣዎት፣ እዚሁ ታች አረፍ ብለው በሩን ይቀቡልን» ይልሃል። አንተም የዝገት ቀለምህን ይዘህ ከብረት በሩ ሥር ቁጢጥ ትላለህ። እኔም እንደዚሁ ነው ቁጢጥ ያልኩት።

ቀለም ቀቢ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መወጣጫ ላይ ነው። በእኛ ሥራ በር የሚቀባ ወይ ገና ትናንት የጀመረ ነው፣ ወይ ያበቃለት ነው። ይህን ፎርማኑም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩት ሴቶችም ያውቃሉ፤ ስለዚህ በአጠገቤ ሲያልፉ «አይዞዎት» ይሉኛል። የሞተብኝ ሰው ያለ ይመስል።

ነገሩ የተጀመረው አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሮለሬን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አጠገቤ ይቀባ የነበረው፣ ሸረሪት የምንለው ሰውዬ፣ ቀበቶዬን ጨምድዶ ያዘኝ። አድኖኛል፤ አልክድም። ግን ወሬውን ለፎርማኑ ለማድረስ የወረደበትን ፍጥነት ያየ ሰው፣ ቅጽል ስሙ በከንቱ እንዳልወጣለት ይገባዋል። በማግስቱ እኔ ቦታ ላይ የቆመው ራሱ ነው።

ፎርማኑን ለመንኩት። እኔ ሰው መለመን አላውቅበትም፤ ግን ለመንኩት።

«አባባ፣» አለኝ፣ «እርስዎ ቢወድቁ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

«አልወድቅም።»

«ያን ቀንስ ሊወድቁ አልነበር?»

«ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው።»

«እንግዲያው ቁርስዎን እየበሉ በሩን ይቀቡ።»

ሕንፃው ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ ፎርማኑ ለሚቀጥለው ሥራ ይዟቸው የሚሄደው ላይ የሚወጡትን ነው፤ በር ቀቢ የትም ይገኛል። ላይ ካልተመለስኩ ከዚያ በኋላ ቀቢ ነኝ ማለቴ ለራሴ ብቻ ነው። ደግሞ ያ ጨለማ አልተወኝም። ከአልጋ ስነሳ ይመጣል፣ ደረጃ ስወጣ ይመጣል። እርጅና ነው አልኩ። እርጅናን ደግሞ ማን ይከሳል።

ታላቅ ወንድሜ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። ልጆች ሳለን አባታችን «አንዱ ይማር፣ አንዱ ይሥራ» አለና እኔን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ለአንድ ቀለም ቀቢ አስረከበኝ። ክንዴ ጠንካራ ስለሆነ ነው አሉ። ያን ጊዜ ወንድሜ ወድቆ ክፍል ስለደገመ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ የሚቀዳውም ከእኔ ነበር። ይህን የሚመሰክር ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። እንግዳ ሲኖር የሚወዳት ቀልድ አለችው፦ «እኔና ወንድሜ ሁለታችንም የቀለም ሰዎች ነን፤ እኔ ቆጠርኩት፣ እሱ ቀባው።» ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ጥርሴ እስኪያረጅ ስቄያለሁ።

ልጁ ሕክምና ትማራለች። በዚያ ቤት «አንቱ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ያን ሰሞን የቃል ፈተና ወድቃ ነበር፤ የልብ፣ የደም ሥርና የመድኃኒት ፈተና። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ልትቀርብ ነው። እሑድ ምሳ ላይ አንገቷን ደፍታ ትበላለች፤ አባቷ ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

«መጽሐፉን በቃልሽ ይዘሽ እንዴት ትወድቂያለሽ?»

«በቃሌ መያዜ ነው የጣለኝ፣ አባዬ። ፕሮፌሰሩ ከሰው እጅ ላይ የልብ ምት ቁጠሪና ምን እንዳየሽ ንገሪኝ አለኝ። ስቆጥር ተሳሳትኩ። 'ጣቶችሽ መስማት አይችሉም' አለኝ። ሰው ሁሉ ሰማ።»

«ታዲያ ሰው ላይ ተለማመጂ። ይኸው አጎትሽ፣ ሥራ ፈቷል። በር እየጠበቀ ነው አሉ።»

«እየቀባሁ ነው እንጂ እየጠበቅሁ አይደለም» አልኩት።

«ያው ነው። ቀቢውም ጠባቂውም የሚቀመጠው በሩ ጋ ነው።»

የወንድሜ ሚስት «ተው እንጂ አንተ ሰውዬ» ብላ አንድ ጭልፋ ጨመረችልኝ። በዚያ ቤት ይቅርታ የሚጠየቀው በጭልፋ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጣችው ልጅቱ ባትሆን በሬን አልከፍትም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት መጣች፤ የግፊት መለኪያና ማዳመጫ በቦርሳ ይዛ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ከየሥራው የተረፈኝን ቀለም ስለምጠቀም አራቱም ግድግዳ አራት ዓይነት ነው፤ እሷ ልጅ ሆና «ቢጫው ጋ እቀመጣለሁ» ትል ነበር። ያን ቀንም ቢጫው ጋ ተቀመጠች።

አልጋዬ ላይ አስተኛችኝ። እጄን ይዛ መቁጠር ጀመረች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ክንዴን በመለኪያው አሰረችና ጨመቀችው።

«አሁን ይነሱና ይቁሙ።»

ስነሳ ግድግዳው ትንሽ ሄድ መለስ አለብኝ። አልነገርኳትም። እንደገና እጄን ይዛ ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይተኙ እስቲ።»

ተኛሁ። «ይነሱ።» ተነሳሁ። ሲያስተኙትና ሲያስነሱት የዋለ ሕፃን መሰልኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሊሆን አይችልም። ጣቴ ነው። አሁንም ጣቴ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሲተኙ ልብዎ በጣም ቀርፋፋ ነው። ይሁን፤ የጉልበት ሠራተኛ ልብ ቀርፋፋ ይሆናል። ሲቆሙ ግን መፍጠን ነበረበት።»

«ለምንድን ነው የሚፈጥነው? መቆም እኮ ሩጫ አይደለም።»

እንባዋን ጠረገችና አስረዳችኝ። ሰው ከተኛበት ሲነሳ፣ አለች፣ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል።

«ያልደረቀ ቀለም ግድግዳ ላይ እንደሚወርደው» አልኳት።

«እንደሱ። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ ልብ ደግሞ የምትረጨው የተመለሰላትን ነው፣ ስለዚህ ግፊቱ ይወርዳል። እና እዚህ አንገት ውስጥ፣ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ግፊቱን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ግፊቱ ቀነስ ሲል ለአንጎል ያሳብቃል።»

«ሸረሪት በይው።»

የሥራ ቦታውን ወሬ አታውቅም፤ ዝም ብላ ሳቀች። «አንጎል ልብን የሚያዛት በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ነርቭ ልጓም ነው፤ ሁልጊዜ ሳብ አድርጎ 'ቀስ በይ' ይላታል። ሌላኛው አለንጋ ነው። ሲነሱ ልጓሙ ይላላል፣ አለንጋው ያርፍባታል፣ ልብ ትፈጥናለች። የእግር ደም ሥሮችም ጥብቅ ይላሉ፤ ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ሁሉ እርስዎ ጫማዎን ሳያገኙ ያልቃል።»

«እና የእኔ?»

«በእኔ ቆጠራ የእርስዎ ልብ ትንሽ ፈቅ አለች፣ ከዚያ በላይ አልፈጠነችም። ልጓሙ ላላ፣ አለንጋው ግን የለም። እንደዚያ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ይህ የእኛ ዘር በሽታ ነው። ሰው አንድ ጊዜ «አትችልም» ካለን፣ ከዚያ በኋላ ያየነውን ከማመን ዓይናችን ላይ እንፈርዳለን። ልነግራት አሰብኩ፣ ተውኩት። ዓይኔ እንደሚጨልም ብነግራት ለአባቷ ትነግራለች፤ አባቷ ደግሞ እሑድ ምሳ ላይ ያቀርበዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ሌላ ሰው ሆና ነው። አባቷን አስተኝታ አስነስታለች፣ እናቷን፣ ጎረቤቱን፣ የክፍል ጓደኞቿን። የሁሉም ልብ ሲቆሙ ፈጥኗል። ቆጠራዋን ከማሽን ጋርም አስተያይታዋለች፤ ጣቷ ልክ ነው።

«ስለዚህ እርስዎ ነዎት» አለችኝ፤ እንደ መርማሪ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ሲነሱ ዓይንዎ ይጨልማል?»

ብሩሾቼን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አጎቴ፣ ይጨልማል?»

«አንዳንዴ።»

«መድኃኒት ይወስዳሉ? የግፊት፣ የልብ፣ የእንቅልፍ?»

«እኔ እኮ ኪኒን ውጬ አላውቅም።»

ዋሸሁ እንዳትሉኝ። የምውጠው ኪኒን የለኝም። መርፌም ወስጄ አላውቅም። ያቺን የዓይን ጠብታ ደግሞ ከመድኃኒት ቆጥሬያት አላውቅም፤ ውሃ መሳይ ናት፣ ዓይን ታጥባለች፣ በቃ። የዓይን ሐኪሙ «የዓይንህ ውስጥ ግፊት ከፍ ብሏል፣ ካልተጠነቀቅህ ብርሃንህን ይወስደዋል» ብሎ የሰጠኝ ናት። ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኑን ያመመው ቀቢ ማለት እግሩን የተቆረጠ ፖስተኛ ማለት ነው። ጠብታዋን የማስቀምጣት ከብሩሾቼ ሥር፣ ግድግዳ የማለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬባት ነው።

ልጅቱ መጽሐፏን ገልጣ ምክንያት ትፈልጋለች፤ የነርቭ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ ልብን የሚያስመታው መስመር መበላሸት፣ አንዱ ከሌላው የባሰ። የእኔ ደግሞ የጠብታዬ ሰዓት ደረሰ። እሷ ቤተሰብ ናት፣ ደግሞም መጽሐፏ ላይ ናት ብዬ ጠብታዋን ከብሩሾቹ ሥር አወጣሁና ቀና አልኩ። አንድ ጠብታ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለተኛውን። ጠበቅሁ። ሦስተኛውን ልጨምር ስል እጇ እጄን ያዘው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዓይን ነው።»

«ለምን ትደጋግመዋለህ?» ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ «አንተ» አለችኝ።

«አንድ እጅ ምን ይሸፍናል?» አልኳት። እውነቴን ነው። የመጀመሪያው እጅ ለግድግዳው ነው፤ ይጠጣዋል። ሁለተኛው ለቀለሙ ነው። ሦስተኛው ለዓይን ነው። አንድ እጅ ቀብቶ የሚሄድ ቀቢ ሌባ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ሐኪሙ አንዳንድ ጠብታ ብሎኛል፤ እኔ ግን ሐኪሙ እንደ ደንበኞቻችን ቆጥቦ የሚያዝ ሰው መሰለኝ። ደግሞ የሚፈስስ አለ፣ ጉንጭ ላይ የሚቀር አለ። እስኪሸፍን ማድረግ ነው እንጂ።

ጠብታዋን ከእጄ ወስዳ ጽሑፉን አነበበች። ቀስ ብላ ቢጫው ግድግዳ ጋ ተቀመጠች። የምትስቅ መሰለኝ። ብትስቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አልረሳላትም ነበር። አልሳቀችም።

«አለንጋው አለ፣» አለች። «እርስዎ ነዎት የሸፈኑት።»

«እንዴት?»

«አለንጋው ልብ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ቤታ ነው የሚባለው። ከነርቩ የሚወጣው ንጥረ ነገር እዚያ ላይ ሲያርፍ ነው ልብ የምትፈጥነው። ይህ ጠብታ ቤታን ይዘጋል። ለዓይን የሚሰጠው ዓይን ውስጥ የሚመነጨውን ውሃ እንዲቀንስ ነው። ግን ዓይን ውስጥ ያለችው ቦታ አንዲት ጠብታ እንኳን በቅጡ አትይዝም። የተረፈው በዚህ በኩል» ብላ የዓይኔን ጠርዝ፣ አፍንጫዬ አጠገብ፣ በጣቷ ነካችኝ፣ «ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ከአፍንጫ በቀጥታ ወደ ደም። ጨጓራና ጉበት እንኳን አያገኙትም፤ ኪኒን ቢሆን ጉበት መንገድ ላይ ይቀንሰው ነበር። እርስዎ ሦስት እጥፍ ሲጨምሩ ዓይንዎ አንዱን ወሰደ፣ ሌላውን ልብዎ ጠጣችው።»

«ልቤን ቀለም ቀባኋት በይኛ።»

«ሦስት እጅ» አለች። ያን ጊዜ ነው ትንሽ ፈገግ ያለችው፤ እኔም አልከፋኝም።

የከፋኝ ቆይቶ ነው፤ ሳስበው። ከመወጣጫ ያወረደኝ ፎርማኑ አይደለም፣ ሸረሪትም አይደለም፣ እርጅናም አይደለም። የማማርረው ሰው አጣሁ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«በቃ ከዛሬ ጀምሮ አላደርገውም» አልኩና ጠብታዋን ወደ ቆሻሻው ልወረውር ስል ጮክ አለች፤ በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም።

«ዓይንዎስ?»

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ባደርገው መወጣጫው ላይ አልወጣም፤ ብተወው መወጣጫው አይታየኝም። ተቀመጥኩ። ስትሄድ «አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ይህችን ጠርዝ በጣትዎ ተጭነው ይቆዩ፤ ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። «ለአባትሽ ትናገሪያለሽ?» አልኳት። «ምን አግብቶት» አለች። እንደዚያ ስትል ከወንድሜ ልጅነቷ ይልቅ የእኔነቷ በለጠብኝ።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መነጽሩ ከፊቱ ይሰፋል። እሷ ስታስረዳው እኔን ሳይሆን እሷን ያያል። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሮ «ስንት ስንት ጠብታ ነበር?» አለኝ፤ ነገርኩት። ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን ሲውጥ አየሁት፤ የሰው ሳቅ ሲዋጥ አውቃለሁ፣ ልምድ አለኝ። ቢሆንም ደህና አድርጎ አየኝ። ለልብ ምርመራ ሰደደኝ፤ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አነበቡ፤ ቀርፋፋ ናት እንጂ ሌላ ጉድለት የለባትም አሉ። ጠብታውን ለወጠልኝ። ይህኛው ውሃውን ማመንጨት ሳይሆን መውጫውን ነው የሚከፍተው፣ ልብ ጋ ጉዳይ የለውም አለኝ። ማታ አንድ ጊዜ፣ አንዳንድ ጠብታ።

«አንድ እጅ ብቻ» አለችኝ እሷ።

«ዓይንህ ትንሽ ሊቀላ ይችላል፣» አለ ሐኪሙ፣ «ሽፋሽፍትህም ሊረዝም ይችላል።»

«በዚህ ዕድሜዬ ለማን?» አልኩት። ያን ጊዜ የዋጠውን ሳቅ ሁሉ ሳቀው፤ እኔም ፈቀድኩለት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታስተኛኛለች፣ ታስነሳኛለች። አንድ ቅዳሜ ስቆም ግድግዳው አልሄደም። እጄን ይዛ ስትቆጥር ከንፈሯ ፈጠነ። ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ፊቷ ላይ ነበር።

ፈተናዋን አለፈች። ፕሮፌሰሩ «መድኃኒት አልወስድም የሚል በሽተኛ ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?» ሲላት «ዓይንዎ ላይ የሚጨምሩት ጠብታስ አለ?» ብላ የእኔን ታሪክ ነገረችው። ችግሩ መልሷን ፕሮፌሰሩ ወደደውና ለሁሉም አወራው፣ ወሬውም ዞሮ ዞሮ ወንድሜ ጋ ደረሰ። እሑድ ምሳ ላይ እንግዳ ነበር። «ልጄ አጎቷን ከሞት አተረፈች፤ ሰውዬው ዓይኑን ሦስት እጅ ሲቀባ ተይዞ» አለ። ሰው ሳቀ። ልጅቱ ቀና ብላ «እኔን ያሳለፉኝ እሳቸው ናቸው እንጂ» አለች። ሳቁ መሃል ማንም አልሰማትም። እኔ ሰማሁ። የወንድሜ ሚስት ጭልፋዋን አነሳች፤ በቃኝ አልኳት።

ሰኞ ፎርማኑ ጋ ሄድኩ። ልመና አልጀመርኩም፤ የሆነውን ነገርኩት፣ ከጠብታው እስከ አለንጋው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሸረሪትም ከላይ ተንጠልጥሎ ይሰማል።

«እና አሁን ድነዋል?»

«ልቤ ስቆም ትፈጥናለች።»

«የማንም ልብ ይፈጥናል፣ አባባ።»

«የእኔ አትፈጥንም ነበር ነው የምልህ።»

ራሱን አከከ። «በመጀመሪያ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ። ቀበቶ አስረው። ሸረሪት አጠገብዎ ይሆናል። ካዞረዎት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ዳግም አናነሳውም።»

እንደ ዝንጀሮ ሊያዩኝ ተሰበሰቡ። ሲሚንቶ አቡኪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። መዞርና መሄድ ነበረብኝ፤ ድሮ ቢሆን እሄድ ነበር። ብረቱን ያዝኩ። ወጣሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሼ ጣውላው ላይ ስቆም ልቤ ደረቴ ውስጥ ተነሳች። ትደልቃለች፤ ጆሮዬ ድረስ ትሰማኛለች። ደነገጥኩ። እንዲህ ስትሆን ከሰማኋት ዘመን ሆኖኛል፤ ይኸው መጣብኝ፣ ሊጨልም ነው ብዬ ብረቱን ጨበጥኩ። ጠበቅሁ። አልጨለመም። ሰማዩም፣ ግድግዳውም፣ ከማዶ ያለው ጣሪያ ላይ የተሰጣው ልብስም በቦታው ነው። ፈርቼ እንጂ አሞኝ አልነበረም፤ የምትደልቀውም መደለቅ ስላለባት ነው።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ሸረሪት፣ እጁን ወደ ቀበቶዬ እየሰደደ።

«ምንም። እየሠራች ነው።»

«ማን?»

«አንተ ምን አገባህ» አልኩት። እስክትረጋ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ባልዲውን እንዲያቀብለኝ ነገርኩት፤ አቀበለኝ።